አብረሽኝ ጀምሪ

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ሙሉ ባልዲ እያነሳሽ ትጣይዋለሽ? የእማማ ጉልበትስ? የአባባ ዓይን ፊደል መለየት አቃተው ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ እንኳ ደህና ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ውዬ የራሴን ሳልተኩስ እወጣለሁ።

ለምን አትደውልም ብለሽ ተቆጥተሻል። ባለፈው ደውዬ አባባ ነበር ያነሳው። እኔ አፌን ከፍቼ ስታገል፣ መስመሩ ተቋረጠ ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ሳየው ላብ በላብ እሆናለሁ። እማማም በላክሁት ፎቶ ራሴን ተላጭቼ አይታ፣ ታሟል ብላ አለቀሰች ብለሻል። ምን በሽታ አለብኝ! ፀጉር ቤት ገብቼ “አሳጥረው” የሚለው ቃል አልወጣ ሲለኝ “ላጨው” አልኩታ። ሰውየው ታዛዥ ነው፣ ላጨው።

ከላውንደሪያችን ማዶ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት እንደኔ የሚንተባተቡ ሰዎች እየተሰበሰቡ ጮክ ብለው ያነባሉ። የነገረችኝ ደንበኛችን የሆነች ነርስ ናት፤ እሷም እንደኔው ናት። ለብቻ መንተባተብ አንሶኝ ደግሞ በማኅበር! ብዬ ነበር። በኋላ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የተረት መጽሐፍ ሰጡኝ። እኔም እንደ ልማዴ የሚያስቸግረኝን ቃል በሌላ እየተካሁ አነበብኩ፤ ንጉሡን ሹም፣ ፈረሱን በቅሎ አደረግሁት። ለካ ሁሉም መጽሐፉን ይዞ እየተከተለኝ ኖሯል፣ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ። ሴትዮዋ ግን ፈረሱን ፈረስ በለው፣ የፈለገውን ያህል ይቆይ፣ የምንቸኩልበት የለም አሉኝ።

ከዚያ አብረውኝ ማንበብ ጀመሩ። ታምኚኛለሽ እታለም? ሁለት ሆነን በአንድ ድምፅ ስናነብ ምላሴ አይያዝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። መሐል ላይ እሳቸው ቀስ እያሉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣ እኔ ሳይታወቀኝ ብቻዬን እቀጥላለሁ። ሲይዘኝ ቃሉን አይጨርሱልኝም፤ ጠብቀው ጠብቀው፣ ካቃተኝ ከመጀመሪያው አብረውኝ ይነሳሉ። ዳንኩ ብዬ አልዋሽሽም፣ አሁንም እንተባተባለሁ። ከቃል መሸሽ ግን ቀንሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሁላችሁም አባባ ስትሉት እኔ ብቻዬን “ጋሼ” የምለው ለምን ይመስልሻል? ይሄ ልጅ እንደ ባዳ ነው የሚያየኝ ብሎ ለእማማ ሲነግራት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። “አባባ” አልወጣልኝ ብሎ ነው እኮ! በጽሑፍ ይኸው ደጋግሜ ጻፍኩት፤ በአፌ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ይታነቃል። “ጋሼ” ይቀናኛል፣ እሷን ይዤ አደግሁ። አባቴ እንደማልወደው እያሰበ ማርጀቱ እንደ እግር እሳት ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አታንብቢለት። ለእሱ የጻፍኩት አንድ ገጽ አብሮ አለ፤ እሱንም አታንብቢለት፣ በስልክ እኔው ራሴ አነብለታለሁ። ሲደርስሽ መልእክት ላኪልኝና ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው እሑድ ጠዋት እደውላለሁ። ገጹን ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ። የመጀመሪያው ቃል “አባባ” ነው። ዝም ካልኩ፣ መስመሩ አልተቋረጠም፣ እየመጣ ነው በይው። ጨርሶ ካቃተኝ አብረሽኝ ጀምሪ። ሲወጣልኝ ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ብቻዬን ስጠራው ይስማኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ፀጉሩ አድጓል በያት። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ባልዲውንም እሱ ያንሳ። ለታናሻችን ለጉንዳን፣ ፈረሱን በቅሎ ያደረገው ወንድምሽ ናፍቀሽዋል በያት። ለአባባ ግን ሰላምታ አልላክሁም፤ የእሱን እሑድ ራሴ አደርሳለሁ።

ወንድምሽ
ከላውንደሪው በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ማክሰኞ ኅዳር ፱ ቀን