የመረጥኩት ፕሮሰሰር

ሰኞ
እምቢ አለ። ትዕግሥት የሕንፃ መንደፊያውን ፕሮግራም አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ልትጭን አራት ጊዜ ሞከረች። አራት ጊዜም ይህ ኮምፒውተር አይቀበለውም የሚል ጽሑፍ መጣ። የመመረቂያ ሥራዋን የምታስረክበው ዓርብ ነው።

የስልክ ዓይነት ፕሮሰሰር ያለውን ይህን ላፕቶፕ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልጄ የፈለገችው ሌላውን ነበር። የስልክ ፕሮሰሰር ሠሪዎች ላፕቶፕ ውስጥ ገብተው ከነባሮቹ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሠሪዎች ጋር ተናንቀዋል የሚል ሳነብ ከርሜ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ መብራት ቢጠፋም ሥራሽ አይቋረጥም ብዬ ድርቅ አልኩ። ሻጩ “እትዬ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ” ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ
ጥገና ቤት ወሰድነው። ዕቃው ጤነኛ ነው አለን ባለሙያው። ክው አልኩ። ብልሽት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የስልክና የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የሚታዘዙበት ቋንቋ ለየቅል ነው። ብዙው ፕሮግራም በመሃል በሚገባ አስተርጓሚ ፕግራም ይሠራል፤ የትዕግሥት ግን የተሠራው ለነባሮቹ ብቻ ነው። እኔ ያነበብኩት ስለ ፍጥነትና ስለ ባትሪ ነበር። ይህን አላየሁም። ወይም አይቼ ዘልዬዋለሁ።

የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ለጥገና ተዘግቷል። ጓደኞቿም በየሥራቸው ተወጥረዋል።

ትዕግሥት አልወቀሰችኝም። አባታቸው በሞተ ዓመት ታላቋን፣ እናኑን፣ ከስምንተኛ ክፍል አስወጥቼ ስድራት እሷም አልወቀሰችኝም ነበር። ያኔም አውቃለሁ ብዬ ነው።

ረቡዕ
ትዕግሥት ሳትነግረኝ ለእናኑ ደውላለች። እናኑ ይጁቤ ከተማ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ የምትሠራበት አንድ ዴስክቶፕ ነው። በምን አፋችን እንለምናታለን ብዬ ተቆጣሁ። “የለመንኳት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም” አለችኝ።

ሐሙስ
ጠዋት በር ተንኳኳ። እናኑ ናት። ሱቋን ዘግታ፣ ዴስክቶፑን በጋቢ ጠቅልላ እኛ ጋ ማርቆስ ድረስ በሚኒባስ አምጥታዋለች። ላግዛት ብል ተዪው፣ ይወድቅብሻል አለች።

ፕሮግራሙ ተጫነ፤ ተከፈተም። ትዕግሥት አለቀሰች። እናኑ ያን ቀጭኑን ላፕቶፕ ፊልም እዪበት ብላ ሳቀችባት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ “እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ተሸክሞ የመጣልኝ አልነበረም” አለች።

ቡና ላፍላ ብዬ ወጣሁ።

ከቀትር በኋላ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል። እናኑ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። ድንገት “ይኼ በር ሲከፈት ደረጃውን አይመታውም?” አለች። ትዕግሥት አየችው፣ አስተካከለችው። እኔ ደጃፉ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያስቀረሁት?

ገና ብዙ ይቀራቸዋል። እናኑ እዚህ ታድራለች። ይቅር በይኝ ልላት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ።