የማርጎት ስም ሲጠራ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ዘገዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚጠዘጥዝዎት ቀለል አለልዎ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ሐኪም አየላት ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት እንደ ልቤ ለመጻፍ ብዬ ነው። የምታደርስልዎ ወይዘሮ ከበቡሽ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ በእጇ ያዘችልኝ። አንብበው ሲጨርሱ ግን አያስቀምጡት።

ባለፈው «የምትጦሪያቸው ሴትዮ ማን ናቸው? የሚጠይቃቸው ዘመድ የላቸውም ወይ?» ብለውኝ ነበር። ሚስስ ኖይማርክ ይባላሉ፤ ከሰባ ዓመት አልፈዋል። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ዴቪድ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድርያ በምትባል ቅርብ ከተማ ነው ያለው፤ እሑድ እሑድ ይመጣል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አጥባቸዋለሁ፣ ምግብ እሠራለሁ፣ ቀጠሮ ሲኖራቸው ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ። ቁጡ ናቸው፤ ሾርባ ቀዘቀዘ ብለው ያኮርፋሉ። ክፉ ግን አልዋሉብኝም።

ሴትዮዋ አይሁድ ናቸው፤ የተወለዱት ጀርመን አገር ነው። ወጣት ሳሉ ማርጎት ከምትባል ጓደኛቸው ጋር ሕክምና ይማሩ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንዱን ካፖርት ተራ በተራ እየለበሱ ነው የተማሩት። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አይሁድ ተማሪዎችን መጀመሪያ ከፊት ወንበር አስነሷቸው፤ ቀጥሎ ከቤተ መጻሕፍት አስወጧቸው። ሁለቱ ግን እንደምንም ችለው እስከ መጨረሻው ደረሱ፤ ፈተናውንም አለፉ። ተማሪ ሁሉ ዲግሪውን ሲቀበል የእነሱ ስም ሳይጠራ ቀረ። አስተማሪያቸውን ቢጠይቁት «አልፋችኋል፤ ለአይሁድ ዲግሪ መስጠት ግን ተከልክሏል» ብሎ ዓይናቸውን ሳያይ በሩን ዘጋባቸው።

ሚስስ ኖይማርክን እዚህ አሜሪካ ባልቲሞር ያለ አጎታቸው አስመጣቸው። ማርጎት ግን እናቷ ታማ ስለ ነበር «ጥያት አልሄድም» አለች። በአይሁድ ሆስፒታል አስታማሚ ሆና ስትሠራ የሂትለር ወታደሮች ከበሽተኞቿ ጋር ባቡር ላይ ጭነው ወደ ማጎሪያ ወሰዷት፤ በዚያው ቀረች። ከዘመዶቿም የተረፈ የለም። ሚስስ ኖይማርክም እዚህ ሲደርሱ ማስረጃ ስላልነበራቸው ሐኪም ናቸው ብሎ የተቀበላቸው አልተገኘም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ክሊኒክ ስልክ እያነሱ «ዶክተሩ አሁን ሰው ይዘዋል» ሲሉ ኖሩ።

ባለፈው ጥቅምት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ስልክ ተደወለ። የደወለችው እዚያ የምታስተምር ሴት ናት፤ ያኔ የተበደሉትን እየፈለጉ መሆናቸውን ነግራ «ዲግሪዎን ልንሰጥዎ እንፈልጋለን» አለቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ማርጎትስ?» አሉ። ለሞተ ሰው የመስጠት ልማድ እንደሌላቸው፣ የሚቀበል ወራሽም እንደሌላት ነገረቻቸው። «እንግዲያው የእኔም ይቅር» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ዴቪድ ይህን ሲሰማ ተናደደ። «እማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያንገበገበሽን ነገር በእልህ ልታጪው ነው? ማርጎት እንደሆነች ሞታለች፤ ብትቀበይ ባትቀበይ አታውቀውም» አላቸው። እሳቸውም «ፈተናውን ያስጠናችኝ እሷ ናት፤ ውጤቷም ከእኔ ይበልጥ ነበር። ያኔ ሁለታችንንም ዘለሉን። ዛሬ እሷን ብቻ ሲዘሉ እሺ ካልኩ፣ አብሬ ዘለልኳት ማለት ነው» አሉት። ተጣሉ። ልጅየው እሑድ መምጣቱን ተወ፤ እሳቸውም መስኮት ሥር ተቀምጠው መኪናውን ሲጠብቁ ይውላሉ፤ በእኔ ፊት ግን የማይጠብቁ ለመምሰል ይሞክራሉ። አንድ ቀን «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ «እኔስ እቀበል ነበር» አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያቺው አስተማሪ እንደገና ደወለች። እነዚያን ወራት ሁሉ ከባልደረቦቿ ጋር ስትከራከር ከርማ በመጨረሻ እሺ አሰኝታቸዋለች። «የሁለታችሁንም ይዤ እኔው እመጣለሁ» አለች፤ መጣችም።

ሥነ ሥርዓቱ የተደረገው በአፓርትመንቱ አዳራሽ ነው። ጎረቤቶች ነበሩ፤ ዴቪድም ሚስቱን ይዞ መጣ። መጀመሪያ የሚስስ ኖይማርክ ስም ተጠራ፤ ተቀምጠው ተቀበሉ። ቀጥሎ «ማርጎት ሌቪንዞን» ተብሎ ተጠራ። «አንሺኝ» አሉኝ። እኔና ዴቪድ ግራና ቀኝ ደግፈን አቆምናቸው። «የለችም። እኔ እቀበልላታለሁ» አሉ። ዴቪድ አለቀሰ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸው «ዶክተር፣ ጀርባዬን ያመኛል» ቢላቸው «ሐኪም ዘንድ ሂድ! እኔ ገና ዛሬ መመረቄ ነው» አሉት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቤት ገብተን ጫማቸውን ሳወልቅላቸው ግን «ስንት ሕፃን አክም ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። በማግስቱ የማርጎትን ዲግሪ ሳሎን ሰቀልኩላቸው። የራሳቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

አባባ፣ ማርጎት ተብሎ ሲጠራ ለእኔ የተሰማኝ የወንድሜ የፍሰሐ ስም ነው። እሱንም ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ነው ከቤት የወሰዱት፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። እማዬ እንዳትሰበር ብለው ስሙ በቤት እንዳይነሳ ያደረጉት እርስዎ ነዎት፤ ለእሷ አዝነው መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ስሙ ባይነሳም እማዬ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ አፏን አፍና ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ተናኘም ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ስለ ወንድሟ ምን ታውቃለች? እባክዎ አባቴ፣ አደባባይ አይደለም፣ በር ዘግተው፣ ማዕድ ላይ ስሙን ይጥሩት። መሐንዲስ ሊሆን ይማር እንደነበር፣ ሲስቅ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ ለተናኘ ይንገሯት። እማዬም ብታለቅስ ታልቅስ፤ እናንተ መሀል ሆና ታልቅስ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ተናኘን በትምህርቷ እንድትበረታ ይንገሩልኝ፤ ከደብዳቤው ጋር የላክሁት ሹራብ የእሷ ነው። ለአጎቴ ለንጉሡ ከነልጆቹ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ አበዛሽም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለእርስዎ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ የዓለምዘርፍ ዘገዬ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.