ሽማግሌ የማይላክበት አበዳሪ

ኮምቦልቻ፣ ሐሙስ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም እማ። ወገብሽ እንዴት ነው? ማዳምሽ ደረጃውን ማስወልወሉን ተወችሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም።

በድምፅ ልልክልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። ብነግርሽ «ተይው፣ ወንድሜ ነው» ትይኛለሽ፤ እኔም እሺ እላለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ጎረቤታችን ከሪማ ቅዳሜ ወደ ጅዳ ስትመለስ በእጇ ታደርስልሻለች።

የስድስት ዓመት ልፋትሽ፣ በእኔ ስልክ ያስቀመጥሽው ኢቴር የሚሉት ዲጂታል ገንዘብ፣ መያዣ ሆኗል። በጥቅምት አጎቴ ኑርሁሴን ከደሴ ወርዶ ለልጁ ለሂሻም ባጃጅ ሊገዛለት እንደሆነ ነገረኝ። «የእህቴን ገንዘብ አልበላም ልጄ፤ አስይዤ ልበደርበት ነው» አለኝ። ሂሻም ስልኬን ተቀብሎ አሳየኝ። ባንክ የለም፣ ዋስ የለም። ኢቴሩን ብሎክቼይን በሚሉት የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ላለ፣ ራሱን በራሱ ለሚያሠራ ፕሮግራም ታስይዣለሽ፣ እሱ ዋጋው ከዶላር እኩል የሆነ ሌላ ዲጂታል ገንዘብ ያበድርሻል፣ ያንን በብር ትለውጫለሽ። ወለድ አለው ወይ አልኩት። «ትንሽዬ ናት፤ ሸህ ሆንሽብን እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። እኔ አፍሬ የሚስጥር ቁጥሩን አስገባሁ።

አፍሬ ብቻ ግን አይደለም እማ። የሐርቡ መሬታችን ትዝ ብሎኝ ነው። አባባ፣ አላህ ይርሐመውና፣ በወለድ አገድ ሲያስይዘው አበዳሪው ስምንት ዓመት አረሰው። ብሩን በመለስን ቀን ግን መሬቱን አስረከበን። መያዣ ሁሉ እንደዚያ ባለቤቱን የሚጠብቅ መሰለኝ። ይሄኛው አይጠብቅም። የኢቴር ዋጋ ወርዶ አንድ መስመር ከነካ ፕሮግራሙ ማንንም ሳይጠይቅ መያዣውን ይሸጠዋል፤ ቅጣትም ይቆርጣል። ይህን ያወቅኩት ዋጋው መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ለአጎቴ ነገርኩት። «አበዳሪው የማን ልጅ ነው? ሸህ ዘይኑልአቢዲንን ሽማግሌ ይዤ እሄድበታለሁ፤ ጊዜ ይሰጠናል» አለ። ሰው አይደለም አልኩት። «ሰው ካልሆነ ማን ያበድራል፣ ጂኒ?» አለኝ። ኋላ ግን ነገሩ ከባሰ ባጃጁን ሸጦ እንደሚከፍል ወላሂ ብሎ ማለልኝ። መሐላውን ይዤ በየቀኑ ዋጋውን ከስልኬ እያየሁ ጠበቅኩ። ትናንት ስደውልለት ሂሻም እየሠራበት ነው፣ ታገሺ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሳየው፣ ዋጋው ሌላ ስድስት በመቶ ብቻ ከወረደ መስመሩን ይነካል። ከገበያ ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ አጎቴ በብድሩ ለሂሻም የገዛውን ባጃጅ አየሁት፤ በታርጋው አወቅኩት። ሹፌሩ አቤ የሚባል የደጋን ልጅ ነው። እንደምንም ደፍሬ የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። «የራሴ ነዋ! ከደሴ ሰውዬ ከገዛሁት ሦስት ሳምንቴ። ትሳፈሪያለሽ ወይስ ፖሊስ ነሽ?» አለኝ። በእግሬ ቤት ገባሁ።

ስለ አጎቴ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ወስዶ ያልመለሰልሽን የወርቅ ሐብል ነገር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ከመያዣው ሸጬ ብድሩን መዝጋት እችላለሁ። ከአራት እጅ አንዱ ይተርፋል፤ የአንድ ዓመት ተኩል ልፋትሽ ማለት ነው። ከጠበቅኩ እሱም ላይተርፍ ይችላል። ለረመዳን እንደምትመጪ ለማዳምሽ ነግረሻት ከሆነ፣ እማ፣ ሥራሽን ገና አትልቀቂ። ይህችን መስመር ለመጻፍ ነው ከገበያ ከተመለስኩ ጀምሮ የተቀመጥኩት።

አያቴ ከየሶላቷ በኋላ ስምሽን ትጠራለች። አላህ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ በሰው አገር አያዋርድሽ፤ በሰላም ያገናኘን።

ነገ በጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ሸጬ ብድሩን እዘጋለሁ። ከዚያ ደሴ እወጣለሁ። አጎቴን ከጁምዓ ሲመለስ ደጁ ላይ ጠብቄ፣ ከእንግዲህ አበዳሪው አንቺ እንደሆንሽ፣ ዕዳውንም ለአንቺ እንደሚከፍል፣ በሚስቱና በልጁ ፊት እነግረዋለሁ።

ልጅሽ