ካቢኔው በጋራ የወሰነውን በጋራ እንዲመልስ

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

ለወረዳችን ምክር ቤት ዋና አፈ ጉባኤ
ባሉበት

አመልካች፦ ወ/ሮ ምሥራቅ ድንቁ፣ ስለ ራሴና ስለ ባለቤቴ ስለ አቶ ሰብስቤ ዘርጋ

ጉዳዩ፦ በመደዳችን ፈረሳ ሰው ስለሞተበትና ባለቤቴ ዓይኑን ስላጣበት የካቢኔ ውሳኔ፣ የወሰኑት ሁሉ ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው እንዲመልሱ ስለመጠየቅ

ክብርት አፈ ጉባኤ፣

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከአጠገቤ ተቀምጧል። የጻፍኩትን አነብለታለሁ፤ ያጋነንኩ ሲመስለው «ይሄን አውጪው» ይለኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ የቀረው ሁለታችንም የምንምልበት ነው።

1. ሰብስቤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ ገበያ እየነገዱ ያሳደጉት ሰው ነው። እሱ ግን ንግድ አልሆነለትም፤ ልቡ ወደ ብረት አደላ። በር፣ መስኮት፣ የአጥር ብረት ይበይድ ነበር። የሥራ ቤታችን ከብረታ ብረት መደዳው መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ከጀርባው ባለችው አንዲት ክፍል ብየዳ ያስተማሩት ጋሽ ገረሱ ይኖሩ ነበር። ጋሽ ገረሱ አልወለዱም። ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ የምናበላቸውም፣ የምናጥባቸውም እኛ ነበርን። ካልደገፏቸው ከአልጋቸው መነሳት አይችሉም ነበር። የመደዳው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

2. መደዳው ለመኪና ማቆሚያ እንደሚፈለግና ምትክ ቦታ እንደሚሰጠን ክረምቱ እንዳለፈ ተነግሮን ነበር። አልተቃወምንም። «ምትኩን አሳዩን፣ ዕቃችንን ጭነን እንሄዳለን» ብለን ተስማማን። ምትኩ ሳይታይ፣ በመጋቢት ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ዶዘሩ መጣ።

3. ከዶዘሩ ጋር ደንብ አስከባሪዎችና ፌሮ የያዙ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ፊት ፊት የሚሄዱት የወረዳው ካቢኔ አባል አቶ ወንድይፍራው አስፋቸው ነበሩ። በድምፅ ማጉያ «ካቢኔው በወሰነው መሠረት ቦታውን አሁኑኑ ልቀቁ» አሉ። ሰው ዕቃውን ለማውጣት ሲሯሯጥ ከወዲያኛው ጫፍ ማፍረስ ተጀመረ። ቆርቆሮ ይቀደዳል፣ ሰው ይጮኻል፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። እኔ የብየዳ ማሽኑን ወደ አስፋልቱ እየጎተትኩ ነበር።

ሰብስቤ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ውስጥ ሰው አለ! የማይነሱ ሽማግሌ አሉ! አቅፌ ላውጣቸውና ከዚያ አፍርሱት!» አለ።

አንዱ ደንብ አስከባሪ ገፈተረው። ተመልሶ ቆመ። «ወንድሜ፣ ሰው ነው ያልኩህ፣ ዕቃ አይደለም» አለው። ሰውዬው በቆመጥ ግንባሩን መታው። ሰብስቤ በጉልበቱ ወደቀ፤ ከበሩ ግን አልተነሳም። ሌሎች መጡ። አንደኛው በፌሮ ፊቱን መታው። ክብርት ሆይ፣ ብረት የሰው ፊት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተው እንደማያውቁ ተስፋ አደርጋለሁ። ወድቆም አልተዉትም፤ በጫማ ረገጡት። እኔ ልደርስለት ስሮጥ አንድ ሰው ከኋላ ፀጉሬን ጨብጦ ጎተተኝ። የተነቀለው ቦታ እስከ ዛሬ አልበቀለም።

4. አቶ ወንድይፍራው ሁሉንም በቅርብ ሆነው ያያሉ። እጃቸውን አንስተው ዶዘሩን አስቆሙ። ስልክ ደወሉ። የሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት፦ «ሰው አለ ነው የሚሉት… አላየሁም፣ ግን አለ ይላሉ… እሺ… እሺ፣ ገባኝ።» ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። የዶዘሩን ሹፌር ቀና ብለው ሳያዩት «ቀጥል» አሉ።

ዶዘሩ ገፋ። የብሎኬቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ። ጋሽ ገረሱ አንዴ «ሰብስቤ!» ብለው ተጣሩ። ድጋሚ አልተጣሩም።

ብሎኬቱን ስናነሳ ሰብስቤም ከኛ ጋር ነበር። ፊቱ በደም ተሸፍኖ፣ በእጁ እየዳሰሰ ያነሳ ነበር። «አገኛችኋቸው? ይተነፍሳሉ?» ይላል። እኛ አግኝተናቸዋል። ደረታቸው ተደፍጥጧል። እሱም እየዳሰሰ ቆይቶ እጃቸውን አገኘና ያዘ።

5. ሐኪሞች የባለቤቴን ግራ ዓይን አወጡት። ቀኙ ቦታው ላይ አለ፤ ግን ከእንግዲህ እንደማያይ ነግረውናል። በፌሮና በቆመጥ የመቱትን ሰዎች ጉዳይ ፖሊስ ይዞታል፤ እሱ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ወደ እርስዎ የመጣሁበት ሌላ ነው።

6. የጋሽ ገረሱን ለቅሶ የተቀመጥነው ከፍርስራሹ አጠገብ ድንኳን ተክለን ነው። በሦስተኛው ቀን አቶ ወንድይፍራው ብቻቸውን መጡ። ነጠላ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ኢዮስያስ ነው መጀመሪያ ያያቸው። «የገደልካቸውን ልታለቅስ መጣህ?» ብሎ በወንበር ጀርባቸውን መታቸው። ጎረምሶች ተነሱ። ከድንኳኑ ጎትተው አወጧቸው፤ በፍርስራሹ ላይ፣ በዚያው በጋሽ ገረሱ ብሎኬት ይቀጠቅጧቸው ጀመር። ጥርሳቸው ሲወድቅ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ቢጮኹም የሚሰማ አልነበረም።

አቶ ወንድይፍራው ከሥር ሆነው «ብቻዬን አልወሰንኩም! ብቻዬን አይደለሁም!» ይላሉ።

ይህን ስሰማ ሄጄ ላያቸው ላይ ወደቅሁ። አንድ ሁለት ምት ለእኔም ደረሰኝ። ጎረቤቴ ወ/ሮ እሙ «ምሥራቅ ናት! ኧረ ምሥራቅ ናት!» እያለች ባትጮኽ ይገድሉን ነበር። ሰው ደግ ሥራ ሠራሽ ብሎ አመስግኖኛል። እውነቱን ልናገር፦ አዝኜላቸው አይደለም። የሚያውቁትን ይዘው እንዳይሞቱ ነው።

7. ወደ ቤት አስገባኋቸው። ከአፋቸው ደም እየተፉ፣ ሰብስቤ ፊቱን በፋሻ ተጠቅልሎ እየሰማ፣ እንዲህ ነገሩን።

ጉዳዩ ካቢኔ ላይ ሲቀርብ እሳቸውና አንዲት ሌላ የካቢኔ አባል «ምትክ ሳይሰጥ አይሆንም» ብለው ተከራክረዋል። ሌሎቹ ግን በዙ። ውሳኔው በአብላጫ አለፈ። «አንዴ ከተወሰነ በኋላ የሁላችንም ነው፣ ወ/ሮ ምሥራቅ። ውስጥ መከራከር ይቻላል። ውጭ ወጥቶ እኔ አልደገፍኩም ማለት ግን የለም። ያልፈለገ ይለቃል» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልለቀቅህም?» አልኳቸው። አንተ አልኳቸው። ያን ጊዜ እርስዎ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

«ልጆች አሉኝ» አሉ።

ሰብስቤ ከአልጋው ሆኖ «እኔም አሉኝ» አለ።

በስልክ ማንን እንዳነጋገሩ ጠየቅኋቸው። ዋና ሥራ አስፈጻሚውን እንደሆነና «የካቢኔ ውሳኔ መንገድ ላይ አይቀየርም፣ ቀጥሉ» እንደተባሉ ነገሩኝ። ይህን የምጽፈው እሳቸው ያሉትን ነው፤ እኔ በስልኩ ወዲያ ጫፍ የነበረውን ሰው አልሰማሁም። ለዚህም ነው መጠየቅ ያለበት።

8. ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን አገኘኋቸው። «ማን ነው ያዘዘው?» አልኩ። «እናቴ፣ ይህ የአንድ ሰው ትእዛዝ አይደለም፤ ካቢኔው በጋራ የወሰነው ነው። እኔም አንድ ድምፅ ነኝ» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ቢያንስ ሁሉም እንደሚሸከሙት ተረዳሁ ብዬ ነበር።

በሚያዝያ ወር በተጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ግን እኚሁ ሰው መድረክ ላይ ቆመው «በአንድ አመራር የግል ስሕተት ለጠፋው ሕይወት እናዝናለን፤ አመራሩም ከኃላፊነት ተነስቷል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። የተነሱት አቶ ወንድይፍራው ናቸው። ከጎኔ ተቀምጦ የነበረው ባለቤቴ ጠጋ ብሎ «ያን ጊዜ ሁላቸውም ነበሩ፣ አሁን አንድ ሆኑ?» አለኝ። ላጨበጨበው ሰው ሳይሆን ለኔ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ድምፁን ይዤ ወደ እርስዎ መጥቻለሁ።

9. ክብርት አፈ ጉባኤ፣ አቶ ወንድይፍራውን አልወድም። «ቀጥል» ያሉት ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ለዚያች ቃል መጠየቅ አለባቸው። ኢዮስያስም ሰው በመደብደብ ታስሯል፤ ልቀቁልኝ ብዬ አላመለከትኩም፣ የእጁን ያገኛል። ነገር ግን በፌሮ የመታው ታሰረ፣ «ቀጥል» ያለው ተነሳ፣ የወሰኑት ግን ያው ወንበራቸው ላይ ናቸው።

ካቢኔ በር ዘግቶ መምከሩ፣ ወጥቶም አንድ ቃል መናገሩ ክፉ ነው አልልም። እኔና ሰብስቤም ስለ ልጆቻችን ማታ እንከራከርና ጠዋት አንድ ቃል እንነግራቸዋለን። የተሸነፈው ወገን «እኔ አላልኩም» እያለ ለየብቻ ቢናገር ቤት አይቆምም። ግን ልጁ በወሰንነው ምክንያት ቢሰበር፣ አባትየው «እናትህ ናት» ብሎ እሷን ከቤት አስወጥቶ ራት አይበላም። አብሮ የወሰነ አብሮ ይሸከማል። የጋራ ውሳኔ ትርጉሙ ይህ ካልሆነ፣ ሰው የሚሸሸግበት ጥሻ ነው።

ደግሞም የሚጠይቃቸው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ እናንተን መረጥን። እናንተ ከመካከላችሁ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን መረጣችሁ። እሳቸው የካቢኔ አባላቱን አቀረቡላችሁ፤ እናንተም እጅ አውጥታችሁ አጸደቃችሁ። የሰጣችሁትን እምነት መጠየቅም፣ ከጎደለም መልሳችሁ መውሰድ የእናንተ ሥራ ነው። እናንተ ካልጠየቃችኋቸው፣ እኛ የምንጠይቃቸው እንደነ ኢዮስያስ በብሎኬት ነው ማለት ነው። እሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ደግሞ እንዳላይ ነው የምለምነው።

ስለዚህ ምክር ቤቱ፦

ሀ) ዋና ሥራ አስፈጻሚውንና ውሳኔውን ያሳለፉትን የካቢኔ አባላት በሙሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጉባኤ ጠርቶ፣ ምትክ ሳይዘጋጅ ለምን እንደወሰኑ፣ በፈረሳው ቀን በስልክ የተሰጠው መልስም ምን እንደሆነ እንዲጠይቅልን፤

ለ) ከካቢኔ አባላቱ መካከል የምክር ቤት ወንበር ያላቸው ስላሉ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ በራሳቸው ላይ ራሳቸው ዳኛ እንዳይሆኑ፤

ሐ) «ጉዳዩ ተዘግቷል» የተባለው ተነስቶ፣ ምክር ቤቱ በካቢኔው ላይ ያለው እምነት ይቀጥል ወይም አይቀጥል የሚለውን በግልጽ እንዲወስን፤

መ) በመጨረሻም አንድ ትንሽ ነገር እንለምናለን። ባለቤቴ በጉባኤው ላይ ይገኛል። እስከ አሁን «ካቢኔው» ሲባል እንጂ አንድም ሰው «እኔ እጄን አውጥቻለሁ» ሲል አልሰማም፤ ከእንግዲህም ፊታቸውን አያይም። ስለዚህ የካቢኔ አባላቱ ሲመልሱ አንድ በአንድ ተነስተው፣ መጀመሪያ ስማቸውን፣ ቀጥሎም ውሳኔው ሲያልፍ ለመደገፍ እጃቸውን አውጥተው እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ ሰብስቤ በሚሰማው ድምፅ እንዲናገሩልን ይታዘዝልን።

ምላሽዎን በአክብሮት እየጠበቅን፣ ከሰላምታ ጋር፣

ምሥራቅ ድንቁ (ፊርማ)
ሰብስቤ ዘርጋ (የጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
ለምክር ቤቱ አባላት በሙሉ