ሳይሰብሩ ላጠቡት እጆች፦ የወይዘሮ ታየች ጥጋቡ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ታየች ከአባታቸው ከአቶ ጥጋቡ ወርቅነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰብለወንጌል አየለ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ በለበሰበት በመስከረም 1966 ዓ.ም.፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ታየች በልጅነታቸው ለአባታቸው ምሳ ሲያደርሱ ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ያዩ ነበር። ወደዚያ ቤት ሴት ልጅ አትገባም። ከጨለማው ውስጥ አንዳች የብር ዕቃ ብልጭ ሲል ውሃ ውስጥ የሚገላበጥ ዓሣ ይመስላቸው እንደነበር ያወሩ ነበር። ይህን ሲያወሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ ዓሣው አሁንም እዚያ ያለ ይመስል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብረ ታቦር ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ትምህርታቸው በዚያው ቀረ። በ1986 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ሄደው በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጠሩ። በ1994 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ሀብተ ማርያም በቀለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ በ1996 ዓ.ም. ልጃቸውን ፍቅርን ወለዱ። አቶ ሀብተ ማርያም በ1999 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም አረፉ። ልጅ ማሳደጉ ሲከብዳቸው ወይዘሮ ታየች ፍቅርን ለታናሽ እህታቸው ለብስራት አደራ ሰጥተው በ2001 ዓ.ም. ወደ ዶሃ መጡ። ፍቅር ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ሥራ የገቡት አል ዱሃይል በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቤተሰብ ቤት ነበር። እስኪታመሙ ድረስ ከዚያ ቤት አልወጡም። በመጡበት ወር ከማዳም እናት የተወረሰ ትልቅ የሩዝ ሳህን ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ገና አልወጣም ነበርና አገሬ ይመልሱኛል ብለው እንቅልፍ አጡ። ማዳም አንድ ቀን ሙሉ ሳያናግሯቸው ዋሉ፤ በማግስቱ ግን ስብርባሪውን በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡና «ኸላስ»፣ በቃ፣ አሉ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ታየች በማጠቢያው ገንዳ ወለል ላይ ወፍራም ፎጣ ሳያነጥፉ ሳህን አጥበው አያውቁም። ከአገር ቤት አዲስ የመጣች ሴት ሁሉ ከእሳቸው መጀመሪያ የምትማረው ይህንኑ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ዓርብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሙቀት ሲሸሹ በባሕሩ ዳርቻ ጎዳና፣ ኮርኒሹ ላይ ወዳለው ሙዚየም ገቡ። ውጭው ነጭ፣ ባሕሩም ነጭ፣ ሰማዩም ነጭ ነበር። ውስጡ ግን እንደ ምሽት የቀዘቀዘ ነበር። ፎቅ ላይ ካለ አንድ አዳራሽ ደጃፍ ሲደርሱ መብራቱ ደብዝዞ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ሰሙ፤ ከሩቅም አንድ የብር ዕቃ ብልጭ አለ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ታየች ነጠላቸውን አመሳቀሉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ መቃኑን ሳሙ፤ ሳይገቡም ከበሩ ላይ ቆሙ። የአዳራሹ ጥበቃ የከሚሴው ልጅ መሐሙድ ነበር። ቀረብ ብሎ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም» አላቸው። እሳቸውም፣ «መብራቱን አደብዝዛችሁ፣ ሰዉን በሹክሹክታ እያስወራችሁ፣ ታዲያ ሰው ምን ይምሰለው?» አሉት። መሐሙድ ይህን ዛሬም ባወራ ቁጥር ይስቃል። ሴት ልጅም እንደምትገባ ነግሯቸው፣ ጫማቸውን አቀብሏቸው፣ አስገባቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ወይዘሮ ታየች ሳያዩት የተዘጋ ጥቂት ነው። ምን እንደተከፈተ የሚነግራቸው መሐሙድ ነበር። ሌላው ጎብኚ ይህን ማን ሠራው፣ ከየት መጣ ሲል፣ እሳቸው በየብርጭቆውና በየሳህኑ ፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ ይህን ሁሉ ዘመን ሳይሰብር ማን አጠበው? ከዚያም ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ «ላጠቡት እጆች ነፍስ ይማር» ይሉ ነበር።

ብቻቸውን ማየት ስላልሆነላቸው የዓርብ ዕረፍት ያላቸውን ሴቶች ይዘው መሄድ ጀመሩ። ሙዚየሙ ዓርብ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ ከቅዳሴ እስከ መክፈቻው ድረስ በግቢው ሣር ላይ ጥላ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ኋላ ፍቅርን ለአያቷ ትታ ወደ ዶሃ የመጣችውን እህታቸውን ብስራትን ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላ ፊደል ያስቆጠሯት እዚያው ሣር ላይ ነው። አብረዋቸው የሄዱት የምንጣፎቹን ዐውደ ርእይ አይረሱትም። አንደኛው ምንጣፍ የአትክልት ቦታ ነበር፤ በሰማያዊ ክር የተሠሩ ቦዮች አሉት፣ በቦዮቹም ውስጥ ዓሦች። ወይዘሮ ታየች አጠገቡ ብዙ ቆመው ውሃው ይሰማኛል ብለው ነበር፤ ማንም አልሳቀባቸውም። የዕንቁ ጠላቂዎች ዐውደ ርእይ የታየ ጊዜ ደግሞ፣ በጨለማ ክፍል ግድግዳው ላይ የባሕር ብርሃን ሲወዛወዝ፣ ሴቶቹ ወለሉ ላይ ቁጭ ባሉበት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስማቸውን ጠርቶ ያላ፣ ቶሎ በሉ የሚላቸው አልነበረም። መሐሙድም ሳይቀሰቅሳቸው በዙሪያቸው በዝግታ ይመላለስ ነበር። ወይዘሮ ታየች ያን ቀን ለፍቅር በስልክ ሲያወሩ፣ ባሕር ሥር ተኝተን ተነሣን ብለዋታል።

ፍቅር አድጋ በ2016 ዓ.ም. ወደ ዶሃ መጣች፤ ዘ ፐርል በሚባለው ሰፈር በአንድ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ተቀጠረች። ወይዘሮ ታየች በስኳር ሕመም ምክንያት ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ነበር። የቀረላቸውም ምኞት አንድ ብቻ ነበር፦ ብርሃናቸው ሳይጠፋ ከልጃቸው ጋር ጎን ለጎን ቆመው አንድ የሚያምር ነገር ማየት። ነገር ግን የእሳቸው ዕረፍት ዓርብ፣ የእሷ ማክሰኞ ሆነ። ፍቅርም ብትሆን የመሄድ ልብ አልነበራትም። ለዓመታት በስልክ ስለ ምንጣፍና ስለ መብራት ስትሰማ ያደገች ልጅ፣ የምታውቀው የእናቷን ድምፅ እንጂ ፊታቸውን አልነበረም። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ሳህን ስታጥቢ ኖረሽ፣ ዕረፍት ስታገኚ ደግሞ ሳህን ልታዪ ትሄጃለሽ?» አለቻቸው። እሳቸው ሳይቆጡ፣ «እዚያ ያለው ሳህን ያላ አይለኝማ» ብለው መለሱላት። እሷም አልሄደችም፤ እሳቸውም ደግመው አልጠየቋትም።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሕመሙ ኩላሊታቸውን ጎዳ፤ ሥራ አቁመው አል ሰድ ወደምትኖረው እህታቸው ክፍል ገቡ። ማዳም ኢቃማቸውን ሳያቋርጡ በየሳምንቱ ይጠይቋቸው ነበር። ማክሰኞ አሁን የእሳቸውም ሆነ፤ ዓይናቸው ግን ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። በዚህ ዓመት መስከረም ላይ የማዕድ ዕቃዎች ዐውደ ርእይ መከፈቱን መሐሙድ ሲነግራቸው፣ ይህኛውስ ይቅርብኝ አሉ። ፍቅር ይህን ከክፍሉ በር ላይ ቆማ ሰማች።

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ፍቅር እናቷን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ሄደች። እግራቸው አብጦ ጫማው አልበቃ ስላለ ደጃፉ ላይ አወለቁት፤ መሐሙድም ጫማቸውን ይዞ ከኋላ ተከተለ። ፍቅር መጀመሪያ ላይ ሳትወድ፣ እየቆየች ግን ድምፅዋ እየለሰለሰ የምታየውን ትነግራቸው ጀመር። በአንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ወንበሩን አቆመችና ነጭ ሳህን እንደሆነ፣ ዳሩን ጥቁር ጽሑፍ እንደዞረው፣ መሀሉ ባዶ እንደሆነ፣ ዕድሜው ሺህ ዓመት መሆኑን ነገረቻቸው። ወይዘሮ ታየች ስንጥቅ እንዳለው ጠየቁ። የለውም አለች።

«ማን ይመስልሻል ያጠበው?» አሏት።

ፍቅር ጎንበስ ብላ ፊቷን ከፊታቸው አጠገብ አደረገችና፣ «ከሥሩ ፎጣ የምታነጥፍ ሴት ትሆናለቻ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ታየች የልጃቸውን ጉንጭ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ አንድ ዕቃ ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነ እንደሚያይ ሰው፣ ቀስ ብለው። «አሁን አየሁት» አሉ። ሙዚየሙ እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱም ከዚያ አልተነሡም።

ወይዘሮ ታየች በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ረቡዕ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። ልጃቸው ፍቅር ሀብተ ማርያም፣ እህታቸው ብስራት ጥጋቡ፣ የእህታቸው ልጆች፣ በአገር ቤት ያሉት እናታቸው ወይዘሮ ሰብለወንጌል፣ እንዲሁም ፎጣ ማንጠፍ ያስተማሯቸው እህቶች ሁሉ በሐዘን ላይ ናቸው። አስከሬናቸው ዛሬ ማምሻውን ወደ አገር ቤት ይሸኛል።

የማዕድ ዕቃዎቹ ዐውደ ርእይ እስከ ኅዳር መጨረሻ ክፍት ነው። ዛሬ ዓርብ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል፤ ለሽኝቱ ከመሰብሰባችን በፊት የምትችሉ እለፉና እዩት። አደራ፣ ፀሐዩ ከባድ ነውና ውሃ ያዙ። ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቤት መግባት ያለባት እህት ሰዓቷን ትጠብቅ። መሐሙድ በር ላይ ይኖራል፤ ጫማ አይወለቅም። ነጩን ሳህን ስታገኙት፣ ሺህ ዓመት ሳይሰብሩ ላጠቡት እጆች፣ ለእህታችን ለታየችም እጆች፣ ነፍስ ይማር በሉ።

አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ማንም ከደጅ በማይቆምበት፣ ሁሉም በሚገባበት ቤቱ ያሳርፍልን። አሜን።