ለአባትህ የሰጠኸው እሺታ

ሰሜን ዩስት ደሴት፣ ስኮትላንድ፣ ከቤታችን
ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2026

ለምወድህ ልጄ ለሩሪ፣

እንዴት ሰነበትክ? ታምሲን ደኅና ናት? ልጆቹስ? የትንሿ ጥርስ ወጣላት ወይስ አሁንም ቤቱን በለቅሶ ታናውጠዋለች? እኛ ጋ ነፋሱ ጋብ ብሏል። የቤቱ ጣራ ተርፏል፤ የዶሮዎቹ ቤት ግን ተነቅሎ ጎረቤት ማሳ ላይ ተገኘ። ዶሮዎቹ ውስጡ ነበሩ። አንዷም አልሞተችም፤ ግን አኩርፈው ይሁን ደንግጠው እንጃ፣ እንቁላል መጣል አቁመዋል።

ባለፈው በስልክ «ሁሉም ደኅና ነው» ብዬሃለሁ። አባትህ መብላቱም መሳቁም እውነት ነው። የቀረውን ግን ደብቄሃለሁ። ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቴም ስለ አየሩ አወራሁ። ስለዚህ ዛሬ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አልኩ። ስጽፍ ቢያንስ ድምፅህን ሰምቼ አልፈራም።

አባትህ ለበጎቹ ድርቆሽ ሊሰጥ ወጥቶ መውደቁን፣ ሄሊኮፕተር መጥቶ ወደ ዋናው ምድር እንደወሰደው ታውቃለህ። ለእኔ ቦታ እንደሌለ ነገሩኝ። በማግስቱ በመርከብ እከተለዋለሁ ብዬ ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። ማዕበሉ ዘጠኝ ቀን አልበረደም። መርከቡ አልተነሳም፣ አውሮፕላኑም አልበረረም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቦርሳዬ በሩ ሥር ተቀምጦ፣ እኔ ከመስኮት ወደ ባሕሩ እየሄድኩ እየተመለስኩ ቆየሁ። እንዲህ አቅም አጥቼ አላውቅም።

ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ። ነርሷ ደግ ልጅ ናት። «ትንሽ ተምታቶባቸዋል፣ የሚሉት ነገር ትርጉም የለውም» አለችኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ አልኳት። ሩሪ፣ አንድም ቃል አልተምታታበትም። «አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ያሉት ሰዎች ሁሉ ደንቆሮዎች ናቸው! መነጽሬን ስጡኝ ባልኩ ቁጥር ሽንት ቤት ይወስዱኛል» አለኝ። ያለው በደሴታችን ቋንቋ በጌሊክ ነው። እንግሊዝኛው ጥርግ ብሎ ጠፍቶበታል። ዶክተሩ ስትሮክ የመታው ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል አለኝ፤ ኋላ የገባው ቋንቋ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። አባትህ ትምህርት ቤት እስኪገባ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ እዚያው ተመለሰ፤ የሚሰማው ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ።

የሐሙስ ሰዎቼን ታውቃቸዋለህ። «የእማዬ ምእመናን» ብለህ ስም ያወጣህላቸው አንተ ነህ። ጌሊክ ለመማርና ለመጨዋወት ከየአገሩ በኮምፒውተር የሚሰበሰቡት። ጀርመን አገር ያለ ጡረተኛ ቁልፍ ሠሪ አለ፣ የማወራውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል። ብራዚል ያለ ተማሪ አለ፣ ስድብ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ አስተማሪያቸው አይደለሁም፤ ሰዋስዉን እነሱ ይበልጡኛል፣ አንዳንዴም ያርሙኛል። የገብስ ሾርባ እንዴት እንደምሠራ፣ ማን ከማን ጣራ ላይ እንደወደቀ ነው የማወራላቸው። አባትህ መጀመሪያ «እነዚህ ሰዎች አገራቸው ኳስ የለም እንዴ?» ይል ነበር። አንድ ሐሙስ ከኋላዬ ሲያልፍ የወንበሩ እግር መታውና ተሳደበ። ጀርመኑም «እባክዎ ጌታዬ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልን፣ እየጻፍን ነው» አለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐሙስ በደረሰ ቁጥር ከወንበሬ ጀርባ የጠፋበት ዕቃ አይታጣም።

አባትህ በወደቀ በአምስተኛው ቀን እሑድ ነበር። እዚህ ቤት በሰንበት ልብስ እንኳ እንደማይሰጣ ታውቃለህ፤ ብስክሌትህን ቅዳሜ ማታ ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ሳሳድር የኖርኩት እኔ ነኝ። ያን እሑድ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ጎረቤታችን ቼርስቲ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልትጠይቀኝ ጎራ አለችና በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ኤፊ! ዛሬ እኮ ሰንበት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ቢያይሽስ?»

«ካንቺ በቀር በዚህ መንደር የሰው መስኮት የሚያይ ማን አለ?»

መጽሐፍ ቅዱሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ባርኔጣዋን አወለቀች፣ ወንበር ሳበች። «እንግዲህ ከኮነኑን አብረን እንኮነናለን። ቶሎ በይ፣ ጻፊ!» አለችኝ።

ባሌ ሆስፒታል ብቻውን ነው፣ የሚለውን የሚሰማው የለም፣ በአቅራቢያው ያላችሁ አላችሁ ወይ ብዬ ጻፍኩ። ጀርመኑ መኪናውን አስነስቼ ልምጣ አለ፤ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ብራዚላዊው ያለቅሳል። ከዚያ ማሬት የምትባል ጻፈች። ኢስቶኒያዊት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን አሳይታን አታውቅም፤ እንደምን አመሻችሁ ትላለች፣ ደኅና እደሩ ትላለች፣ በቃ። ዓይናፋር ናት እያልን ትተናት ነበር። «እማማ ኤፊ፣ የምሠራበት ዳቦ ቤት በስምንት ሰዓት ይዘጋል። ሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የትኛው ክፍል ናቸው?» አለች።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ስትገባ አባትህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። በጌሊክ «እንደምን ዋሉ?» አለችው። ቀስ ብሎ ዞረ። አንተም ስታድግ በየደጁ የተጠየቅከውን የእኛን ሰው ጥያቄ ጠየቃት፦

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ያን የሚባል ሰው ልጅ ነኝ። ያን የኦስካር ልጅ ነው፣ ኦስካር የማቲስ ልጅ።»

አባትህ ብዙ አሰበ። «አላውቃቸውም» አላት። «ግን ክፉ ሰዎች አይሆኑም። ተቀመጪ ልጄ። መነጽሬን ከዚያ መሳቢያ ውስጥ አውጪልኝ።»

በየቀኑ ሄደችለት። የሚለውን ለነርሶቹ ነገረች፣ ነርሶቹ የሚሉትን ለእሱ። ቃል ሲጠፋት ትደውልልኛለች፤ ከበስተጀርባ እሱ ሲያርማት እሰማለሁ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ተቃጠልኩ። ዳቦ ቤት የምትሠራ ልጅ ከኢስቶኒያ መጥታ የባሌን አፍ ስትሰማ፣ እዚህ ቤት የተወለደው ልጄ አይሰማም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ሆንኩ።

ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እኔና አባትህ ተመካክረን ነው ያላስተማርንህ። እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት እንግሊዝኛ ስለማልችል ጥግ ተቀምጬ ከርሜያለሁ፤ ልጄ እንደኔ አያፍርም አልኩ። ላንተ በእንግሊዝኛ፣ እርስ በርሳችን በጌሊክ። ስንጣላ በጌሊክ፣ የገና ስጦታህን ስንማከር በጌሊክ። አንተ በር ላይ ቆመህ «ምን አላችሁ?» ስትል እንስቅብህ ነበር። ይሄንን ደብዳቤ እንኳ የምጽፍልህ በዚያው በእንግሊዝኛ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ለዚህም ነው አንተ የምታውቀው አባት ግማሹ ነው የምልህ። በእንግሊዝኛ ቁጥብ ሰው ነው፤ ኒውዚላንድ ልሄድ ነው ስትለው «እንደመሰለህ» ብሎህ ወደ በጎቹ ሄደ። ለእኔ በራሱ ቋንቋ ያለኝን አልሰማህም። ሳምንት ሙሉ ነው ያለቀሰው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። በዚያ ሳምንት ረቡዕ በቪዲዮ ደወልክለት። ስልኩን የያዘችለት ማሬት ናት። አባትህ ብዙ አወራህ። አንተም «አዎ አባዬ፣ አዎ፣ አይዞህ» አልከው፣ በፈገግታ ራስህን እየነቀነቅክ። ለታመመ ሰው እንዲህ ነው የሚባለው፤ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው። በኋላ ለእኔ ደውለህ «ምን ነበር የሚለኝ?» ስትለኝ፣ «ስለ በጎቹ ነው» አልኩህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ማሬት ካንተ በፊት ደውላልኝ ነበር።

ያለህ ይህንን ነው፦ «ሩሪ፣ እስከዛሬ ጠይቄህ አላውቅም። መሬቱ በሌላ ሰው ስም እንዳይዞር። አባቴም አያቴም ለማዳበሪያ የባሕር አረም በጀርባቸው ተሸክመው ነው ያለሙት። ልጆቹን ይዘህ መጥተህ ትረከበኛለህ?» አንተ «አዎ አባዬ» አልክ። «ከልብህ ነው?» አለህ። «አዎ፣ አዎ» ብለህ ነቀነቅክ። እንግሊዝኛው ቢጠፋበትም የልጁን ፊት ማንበብ ማን ይከለክለዋል?

ማሬት ስትነግረኝ ትንሰቀሰቅ ነበር። «እማማ ኤፊ፣ ወዲያው መተርጎም ነበረብኝ። አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝና ‹ሰማሽ ልጄ? ይመጣል!› አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ?» ጥፋት የለብሽም አልኳት። ማን አለበት ታዲያ?

ወደ ደሴታችን ትንሿ ሆስፒታል ከመለሱት ሁለት ሳምንት ሆነው፤ በየቀኑ አብሬው ነኝ። ምግብ እምቢ ያለው ሰው ሳህኑን ያጸዳል። «ሩሪ ሲመጣ እንዲህ ሆኜ አያገኘኝም» እያለ ቀኝ እጁ ስለማይታዘዘው በግራው ማንኪያ መያዝ ለመደ። በጎቹን ለቼርስቲ ወንድም ልሸጥለት ተስማምቼ ነበር፤ አባትህ አስጠርቶት «ይቅርታ ወንድሜ፣ ልጄ ስለሚመጣ ይቆዩ» አለው። ቼርስቲ ተቆጣችኝ። «ንገሪው ኤፊ! ሰው ተታሎ መሞት የለበትም» አለችኝ። «አንቺ ንገሪው» አልኳት። ቆፍጠን ብላ ገባች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች፤ ክፍልህን ላናፍስ፣ አልጋውንም ለልጆቹ ላስተካክል ብላ ቃል ገብታለት። አሁን እነሆ መስኮትህ ተከፍቷል፣ ቤቱ በሙሉ በረዶ ሆኗል።

ዶክተሩ ልቡ ደክሟል ብሎኛል። ከሁለት ወር በኋላ ጠቦቶቹ እስኪወለዱ ይቆያል ብለሽ አትጠብቂ ነው ያለኝ። አባትህ አያውቅም። ያንተን ደብቄ፣ የዶክተሩን ደብቄ፣ በመካከል ሹራብ እሠራለሁ።

ከዚያ ረቡዕ ወዲህ እሑድ እሑድ በደወልክ ቁጥር «ተኝቷል» የምልህ ተኝቶ አይደለም። ስልኩን ብሰጠው መቼ እንደምትመጣ ይጠይቅሃል። አንተም ሳታውቀው አዎ ትለዋለህ፤ ይህን ሁለተኛ ላደርግብህ አልችልም። የመጪውን እሑድ ግን ራሱ ቆጥሮ ይዞታል። ንጹሕ ሸሚዝ አምጪልኝ ብሎኛል።

ና አልልህም። ሥራህን አውቃለሁ፣ የቤቱ ዕዳ አለብህ፣ የታምሲን እናት አሉ፣ ልጆቹ ጓደኞቻቸውን ትተው በነፋስ አገር ምን ሊያደርጉ? አትምጣ ማለትም አልቻልኩም። ጀርመኑ ሽማግሌ «ልጅዎን ሰኞ ሰኞ ጌሊክ ላስተምረው» ብሎ ነበር፤ አይ፣ ቀኑ አልፏል አልኩት።

ስለዚህ እሑድ ስትደውል አይመቸኝም የምትል ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ እንደልብህ ንገረው። ረጋ ብለህ፣ እየወደድከው፣ ምክንያትህን ሁሉ። ራስህን ብቻ አትነቅንቅ። አጠገቡ እቀመጣለሁ። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለ?» ይለኛል። እመልስለታለሁ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ግን አትጠይቀኝ።

የባሕሩ ጌታ አንተንም ልጆችህንም ከክፉ ይሰውራችሁ። ታምሲንን ሳምልኝ። የትንሿ ድድ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉላት፣ አንተም በዚያ ነው ዝም ያልከው።

የምትወድህ እናትህ፣
ኤፊ