ሱዳን ገባበት

ሰኞ
ተማሪ ሆንኩ! አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ስንት ዘመኔ፣ ዛሬ የገዛ ሳሎኔ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ። አስተማሪዋ ልጄ ትዕግስት ናት። ሐሙስ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ፈታኞች ባሉበት ለተማሪዎች አንድ ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች። ከወደዷት ትቀጠራለች። ካልወደዷት... አልጽፈውም።
ችግሯ ስትፈራ ጀርባዋን ሰጥታ ለሰሌዳው ታወራለች። ሰሌዳችን የቁም ሣጥኑ በር ነው። «ልጄ፣ ሣጥኑ ገብቶታል፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ» አልኳት። ተቆጣች። ቆይታ ሳቀች።

ማክሰኞ
የመተማ ሙቀት አይጣል ነው። ፍሪኩዌንሲ ላይ ስንደርስ ጠፋሁ። «እማ፣ ሆን ብለሽ ነው?» አለችኝ። ኧረ የእውነቴን ነው!
ሬዲዮው ዜና እያወራ ዐረብኛ ዘፈን መጣበት። እንደ እኛ የድንበር ሰዎች ልማድ «ሱዳን ገባበት!» ብዬ ተነሣሁና መቃኛውን ነካ አደረግሁት። ትዕግስት ጠመኔዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።
«እማ፣ አሁን ምን አደረግሽ?»
«ሱዳንን አስወጣሁ።»
«ከጠዋት ጀምሮ የማስተምርሽ እኮ እሱን ነው!»
ለካ አንቴናው ሁሉንም ጣቢያ ይቀበላል፤ የሚፈለገውን የሚለየው ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ነው። ገባኝ! እልል አልኩ።

ረቡዕ
ሬዲዮዬን ለማስተማሪያ በሻሼ ጠቅልላ ሄደች። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል፣ «እማ፣ እዚያ 'ሱዳን ገባበት' ብዬ እንዳልዋረድ ጸልዪልኝ» አለችኝ። ጸለይኩ።

ሐሙስ
ብላዋለች!
ሬዲዮው ላይ ሁለት ጣቢያ ተደባለቀና ከአፏ አመለጣት። የተደባለቁት እኮ ሁለቱም የኛው ናቸው! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደንግጣ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች፤ ከዚያ ወዲያ ጀርባዋን አልሰጠችም። ሒሳቡ መሃል አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «መምህርት፣ እኔም ላይ ሱዳን ገባብኝ» አላት። ደግማ አስረዳችው።
«አሁንስ?»
«ወጣልኝ!»
ፈታኞቹ ግን አቀርቅረው ይጽፉ ነበር አለችኝ በስልክ። መልሱ ነገ ነው።

ዓርብ
ምሳ አልበላሁም። ስልኩን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ከደጅ ጓዳ ስል ዋልኩ። ጠራ!
«እማ! ፈታኞቹ...» ስልኩ ተንጫጫ። ወይኔ፣ አሁን ደግሞ ሱዳን! ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ አንድ ድምፅ ብቻ ለየሁ።
ልጄ እየሳቀች ነው።